በባሌ ላይ የላክኋቸው ሽማግሌዎች

በገዛ ባሌ ላይ ሽማግሌ ልኬበታለሁ። ሰው ሲሰማ ይስቃል። ሽማግሌ የሚላከው ልጅ ለመጠየቅ ነው፤ አለዚያም ተኳርፈው ለየብቻ የሚያድሩ ባልና ሚስትን ለማስታረቅ። እኔና ባሌ ደግሞ አልተኳረፍንም። ማታ ማታ አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ቴሌቪዥን እናያለን፣ እሱም እግሬን በእግሩ እየነካካ ያስቀኛል። ቢሆንም ላክሁበት። የላክሁበትም ሁለተኛ ለሩጫ ፈረስ ላይ እንዳይወጣ ነው።

ባለፈው ኖቬምበር ወድቆ ሞተ ተብሎ የተረፈ ሰው ነው። ስፕሪንግ ሲመጣ ደግሞ ሊመለስ መዘጋጀት ጀመረ። እንዲተው እፈልግ ነበር፤ ተው ለማለት ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ። እኔን ነው የምላችሁ፣ ዕቃ ሳይታጠብ ካደረ ቴክሳስ ውስጥ የምንኖርባት ቤድፎርድ እስክትሰማ የምጮኸውን ሴት።

ባሌ ጆኪ ነው። ሰዎች ሥራው ምንድን ነው ሲሉኝ ፈረስ ይጋልባል እላለሁ። እሱማ ኦኬ፣ ማለቴ ሥራው ይሉኛል። ሥራው ያ ነው። ደግሞም የሚጋልበው ዝም ብሎ የሚሮጥ ፈረስ ሳይሆን አጥር የሚዘል ፈረስ ነው። ዳገትና ቁልቁለት ባለው ሳር ሜዳ ላይ ሁለት ማይል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሮጣሉ። በመንገዳቸው ላይ በየቦታው በቅርንጫፍ የተሠራ አጥር አለ፤ ፈረሱ በሙሉ ፍጥነቱ መጥቶ ይዘለዋል፣ ካልዘለለው ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱ። እኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ሩጫ የለም። ስለዚህ ስፕሪንግና ፎል ላይ ወደ ቴነሲ፣ ወደ ካሮላይና፣ ወደ ቨርጂኒያ ይሄዳል። የቀረውን ጊዜ ዴንተን አጠገብ አንድ የፈረስ እርሻ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ፈረስ ያሠራል።

ከወሎ የመጣው ዲቪ ደርሶት ነው። መጀመሪያ እንደ ሁላችንም ኧርቪንግ መጋዘን ገብቶ ካርቶን ሲያነሳ ከረመ። አንድ የሥራ ጓደኛው ዴንተን የፈረስ ጋጣ የሚያጸዳ ሰው ይፈልጋሉ ሲለው፣ ክፍያው ያነሰ መሆኑን እያወቀ በማግስቱ ሄደ። አጎቱ ለሰርግ የሚያከራያቸው ፈረሶች ነበሩትና በልጅነቱ ጋልቧል። አንድ ጠዋት ፈረስ የሚያሠራው ልጅ ሳይመጣ ቀረና እስቲ ልሞክር አላቸው። ከዚያ ወዲያ አካፋ አላስያዙትም። አጥር ለሌለው የሜዳ ሩጫ ግን ከባድ ነህ አሉት፤ እንግዲህ ባሌን ያየ ሰው ከባድ የሚለው ቃል ከየት መጣ ብሎ ይገረማል። ለዝላዩ ሩጫ ትንሽ ክብደት ይፈቀዳልና አንዲት ከቴነሲ የመጣች አሰልጣኝ አየችው፣ ወሰደችው። በዚያው ቀረ።

እኔ ያወቅሁት ሰርግ ላይ ነው። ምግብ የማቀርበው እኔ ነበርኩ፣ እሱ ደግሞ ሳህኑን አንስቶ ሦስት ጉርሻ የማይሞላ ነገር አስደረገና አመሰገነ። ተናደድኩ። ምግባችን አልጣመህም ወይ አልኩት። ቅዳሜ መጋለብ አለብኝ አለኝ፣ እንደ ሕፃን አፍሮ። እናቴ ይህን ሰምታ መጣችና፣ ይሄ ልጅ ታሞ ነው እንጂ እንዲህ አይከሳም ብላ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ አፉ ውስጥ አስገባች፣ ደገመች፣ ሰለሰች። አንድም ቃል ሳይናገር ዋጠ። በማግስቱ በዳላስ ሙቀት ክብደቱን በላብ ለማውረድ የፕላስቲክ ጃኬት ለብሶ ሲሮጥ እንደዋለ የሰማሁት ከተጋባን በኋላ ነው። እናትሽን እምቢ ማለት አልቻልኩም አለኝ። ያኔውኑ ባውቅ ኖሮ ያኔውኑ አገባው ነበር።

ከእሱ ጋር መኖር ከሚዛን ጋር መኖር ነው። ጠዋት ሚዛን፣ ማታ ሚዛን። ረመዳን ሲገባ እኛ ሁላችን በሳምቡሳው እንወፍራለን፣ እሱ ብቻ እንደገባ ይወጣል። የሐበሻ ግብዣ ላይ ሲጠራ አጠገቤ ይቀመጥና ከሳህኑ ወደ ሳህኔ ያሻግራል፤ የሁለት ሰው ስበላ የኖርኩት እኔ ነኝ። ሰውነቴን አይታችሁ አትፍረዱብኝ።

ሩጫ ላይ ሲጋልብ ግን አይቼው አላውቅም። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት ነይ ብሎኝ ነበር። ኤርፖርት ውስጥ የአውሮፕላን ምግብ የሚዘጋጅበት ኪችን ነው የምሠራው፤ ቅዳሜ ሺፍት አለኝ አልኩት። እውነት ነው፣ ሺፍት ነበረኝ። ግን ሺፍት ባይኖረኝም አልሄድም ነበር። የማፈቅረው ሰው ከአጥር ጋር ሲላተም ቆሜ ለማየት የሚሆን ልብ አልተሰጠኝም። እሱም ነገሩ ገባውና ሁለተኛ አልጠየቀኝም። በሱ ፈንታ እያንዳንዱ ሩጫ ሲያልቅ አንድ ቃል ቴክስት ያደርግልኛል፤ ወረድኩ ይለኛል። ስልኬን ኤፕሮኔ ኪስ ውስጥ አስቀምጬ ትሪ እየደረደርኩ ያን ቃል እጠብቃለሁ። ሲመጣ አልሐምዱሊላህ እልና ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። አሥር ዓመት አለፈን እንዲህ ስንል።

በኖቬምበሩ ቅዳሜ ቴክስቱ አልመጣም። ጠበቅሁ። ከዚያ የማላውቀው ቁጥር ኮል አደረገልኝ፣ አሰልጣኟ ናት። ካሮላይና እስክደርስ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ፈረሱ አጥሩ ላይ ተሰናክሎ እሱን ከፊት ወርውሮታል፣ ከኋላ የመጣ ሌላ ፈረስ ደግሞ ረግጦታል። ትከሻው፣ የጎን አጥንቶቹ፣ ዳሌው ተሰብሯል። ራሱን ስቶ ነበር፣ ይነቃ አይነቃ የሚነግረኝ አጣሁ። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ጣቶቹን አንድ በአንድ ስነካካ ቆየሁ፤ ዛብ የሚይዝባቸው ጣቶች ጠንካራ ቆዳ አላቸው። ሲነቃ ዓይኑን ከፍቶ አየኝና መጀመሪያ የተናገረው ነገር «ፈረሱስ?» የሚል ነው። ወላሂ፣ አላህ የመለሰልኝን ሰው በገዛ እጄ ላንቀው ትንሽ ነው የቀረኝ።

ፈረሱ ደህና ነበር። እኛ ወደ ቤድፎርድ ተመለስን፣ ዊንተሩንም ቤት አሳለፍነው። በፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ለብ ያለ ውሃ ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጬ ለሶላት ውዱእ አስደርገው ነበር። እጁን፣ ፊቱን፣ ክንዱን እያልኩ እግሩ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ይቅርብኝ፣ ነውር ነው ይለኛል። ዝም በል እለዋለሁ። እግሩ ቀጭን ነው፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ እርካብ የበላው ጠባሳ አለ። ቀስ ብዬ አጥበዋለሁ፣ በፎጣ አደርቀዋለሁ፤ እሱ ተቀምጦ ሲሰግድ እኔ ከኋላው እቆማለሁ። ስድስት ዓመት የሆናት ልጃችን አሻንጉሊት ፈረሷን ፋሻ አስራላት፣ አባዬ ዩ ሲ፣ እሷም ወደቀች፣ አላለቀሰችም አለችው። በሳቅ የጎኑ አጥንት አመመው።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ቤት ነው። ሺፍቴን ጨርሼ በር ስከፍት ሶፋው ላይ አገኘዋለሁ። ስልኬን ኪሴ ውስጥ ሳልነካ የዋልኩባቸው ቅዳሜዎች እነዚያ ብቻ ናቸው። እንዲህ አጥንቱ ተሰብሮም ቢሆን የኔ ሆኖ ቢቀርስ ብዬ አስቤያለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ ደግሞ መዳን ጀመረ። መጀመሪያ በምርኩዝ፣ ቀጥሎ ያለ ምርኩዝ፣ ቀጥሎ ፊዚካል ቴራፒ። ሐኪሙ አጥንቱ ገጥሟል፣ መጋለብ አለመጋለብ የራስህ ውሳኔ ነው አለው። እንዲህ ያለ ሐኪም ምን ይባላል? አንድ ጠዋት ሚዛኑ ከቁም ሳጥን ወጥቶ መታጠቢያ ቤት ተቀምጦ አገኘሁት። ሌላ ቀን ደግሞ ከሥራ ስመለስ የሶፋው ክንድ ላይ ጉልበቱን አጥፎ፣ ጀርባውን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ልጃችን የቀበቶውን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ እየጎተተች ፈረስ ሆናለታለች። እየሳቁ አዩኝ። እኔም ሳቅሁላቸውና ኪችን ገብቼ የታጠበ ድስት መልሼ አጠብኩ። በዚያው ሰሞን ዴንተን ወደ ጠዋት ሥራው ተመለሰ፤ አሰልጣኟም ኮል አድርጋ፣ ሜይ ላይ ቴነሲ ውስጥ ሩጫ አለ፣ አንተ የምታውቀው ዳማ ፈረስ ይጠብቅሃል አለችው። እሺ አላላትም፣ እምቢም አላላትም። ስልኩን ዘግቶ ወደኔ አየ። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር።

ለምን አትነግሪውም ትሉኝ ይሆናል። ተው ካልኩት ይተዋል። የፈራሁትም ይህንኑ ነው። እናቴን እምቢ ያላለ ሰው እኔን እምቢ አይልም። ይተውልኝና ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ውጭ ውጭውን ሲያይ እኔ ላየው ነው፤ በልቡ እሷ ናት ያስተወችኝ እያለ። ሽማግሌ ካስተወው ግን ጥፋቱ የሽማግሌ ነው። የኔ ነገር፣ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ።

ሦስት ሰዎች መረጥኩ። ትልቁ ሽማግሌ የወሎ ሰው ናቸው፤ ኤርፖርት ውስጥ ለዓመታት በዊልቸር ሰው ሲገፉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አካባቢያችን ውስጥ ቃላቸው የማይታለፍ። ሁለተኛው ትራክ ይነዳል፣ ሰው ማስታረቅ ነፍሱ ነው። ሦስተኛው ኧርቪንግ ውስጥ ሐላል ሥጋና ቅመም የሚሸጥ ባለሱቅ ነው። ሱቁ ጓዳ ውስጥ የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ጉዳዬን አስረዳሁ። ትልቁ ሽማግሌ እንደ ወጉ መጠየቅ ጀመሩ። ይመታሻል ወይ አሉኝ። ኧረ በጭራሽ አልኩ። ይጠጣል? አስተግፊሩላህ። ሌላ ሴት? ሴት ብትሆን እኔው እበቃት ነበር፣ ፈረስ ነው እንጂ አልኳቸው። ባለሱቁ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ነገሩ ቁማር አለበት ይባላል አለ። ባሌ ሳንቲም አስይዞ እንደማያውቅ ነገርኩት። ስለ ሆስፒታሉ ስነግራቸው ግን ትልቁ ሽማግሌ በይ ልጄ፣ ይሄ ለኛ ቀላል ነው፣ አስትተነው እንመለሳለን አሉኝ።

እሑድ ጠዋት እሱ ዴንተን ሥራ ላይ ሳለ ሄዱ። ልጅቷ ፊት እንዳይሆን ብዬ እዚያው እንዲያገኙት ያደረግሁ እኔ ነኝ። ሠላሳ አምስት የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘው ወጡ፣ እኔ ደግሞ ምሳ ሠራሁላቸው። ልጄን ጎረቤት ላክሁ። ሰዓቱ ሄደ። የሁለት ቃል ጉዳይ ለምን እንዲህ ረዘመ እያልኩ ወጡን ሁለት ጊዜ አሞቅሁ። ከዙህር በኋላ መኪናቸው መጥቶ ፓርክ ሲያደርግ በመስኮት አየሁ፤ ባሌም በራሱ መኪና ከኋላቸው ነበር።

ገቡ። ጫማቸው ጭቃ ነው። ባለሱቁ ነጭ ሸሚዙ ላይ የፈረስ ለሃጭ አለበት፣ የሚያስፈራ ነገር ያየ ሳይሆን ሰርግ ውሎ የመጣ ሰው ይመስላል። ተቀመጡ አልኩ። አልተቀመጡም። ሦስቱ በሩ አጠገብ ተሰልፈው ቆሙ፣ ባሌ ከኋላቸው መሬት መሬት ያያል። ምግቡ ቀርቧል እኮ፣ ኧረ ተቀመጡ አልኩ። ትልቁ ሽማግሌ የያዙትን ከዘራ በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም፣ እህልም አንቀምስም አሉ።

ይሄ ወግ ነው። ሽማግሌ እንዲህ የሚለው ለመለመን ሲመጣ ነው። ሲገባኝ ደሜ ፈላ። የላክኋቸው ሽማግሌዎች ተገልብጠው እኔ ላይ መጥተዋል። እንዴት ያለ ጉድ ነው፣ እኔ አይደለሁም ወይ የላክኋችሁ አልኩ፤ ትልቅ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር፣ ያን ቀን አደረግሁ። የትራክ ሾፌሩ፣ እህቴ፣ አንዴ ብታይው ኖሮ ብሎ ጀመረ። በእጁ ፈረስ ሲዘል አሳየኝ። ባለሱቁ እርሻው ላይ ሲዘል ያዩት የልምምድ አጥር የት ድረስ እንደሚደርስ ደረቱን እየነካ ነገረኝ። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ ሁለቱንም ዝም አሰኟቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ እዚህ አገር መጥቼ ሰው ስገፋ ኖርኩ። ይሄ ይነዳል፣ ይሄ ሥጋ ይከትፋል፣ አንቺ ትሪ ትደረድሪያለሽ። አልሐምዱሊላህ፣ በላንበት። ግን ከመካከላችን አንድ ሰው የተፈጠረለትን ሥራ ሲሠራ አይቼ አላውቅም። ዛሬ አየሁ።»

ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ንዴቴ ከምን ላይ እንደሚቆም አጣ።

ከዚያ እሱ የነገራቸውን ነገሩኝ። አልተከራከራቸውም። ሚስቴ ራሷ ተው ካለችኝ አንድ ቀንም ሳላድር እተዋለሁ ብሏቸዋል። ግን ከራሷ አፍ ልስማው፣ ካልሆነም በሜይ አንድ ጊዜ ጋልቤ ሆዴ የሚለኝን ልስማ ብሏል። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ባሌም አንገቱን ቀና አድርጎ አየኝ። አንድ ቃል ነው የሚበቃው። ለወራት ጉሮሮዬ ላይ የከረመ ቃል ነው፣ አፌን ከፈትኩ። እንዴት እንደሚያየኝ ብታዩ፤ ብትፈርጂብኝም እወድሻለሁ የሚል ዓይን ነው። በዚያ ዓይን ላይ ተው ማለት አቃተኝ።

«እኔም እሄዳለሁ» አልኩ። «ከጋለበ ቆሜ አየዋለሁ።»

እሱ ደነገጠ። የትራክ ሾፌሩ ደግሞ ቫን እንከራይ፣ እኔ እነዳለሁ አለ፣ ያኔውኑ። ከዚያ በኋላ ነው ተቀምጠው የበሉት፣ እንዴት እንደበሉ ደግሞ አይነሳ።

ሜይ መጣ። እሱ ቀድሞ በአውሮፕላን ሄደ። እኛ አርብ ዕለት ሱብሒ ሰግደን ከቤድፎርድ ተነሳን፣ አርካንሳን አቋርጠን ሲመሽ ቴነሲ ገባን። ልጄን እናቴ ጋ ትቻታለሁ፤ አንድ ነገር ቢሆን እንዳታይ ነው፣ ለሷ ግን መንገዱ ረጅም ነው አልኳት። በመንገድ ላይ ወንዶቹ ስለ ፈረስ ብቻ ነው የሚያወሩት። ባለሱቁ ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ ሲያጠና ከርሞ ሊቅ ሆኗል። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ንግግሬን አዘጋጅ ነበር። ወስኛለሁ፤ ይጋልብ፣ በሰላም ይውረድ፣ ከዚያ በራሴ አፍ እነግረዋለሁ። ፈራሁ እለዋለሁ፣ ብትሞትብኝ አልችልም፣ ስለኔ ስትል ተው። ደጋግሜ በልቤ አልኩት፤ አርካንሳ ውስጥ በቃሌ ያዝኩት።

ቅዳሜ ሜዳው ሲሞላ ትልቁ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ለብሰው መካከሉ ላይ ቆሙ። ሴቶቹ ጃንጥላ የሚያህል ባርኔጣ አድርገዋል። ሰርግ ነው እንዴ አሉኝ ሽማግሌው። ገመዱ ጋ፣ ዳገቱ የሚያልቅበት አጥር አጠገብ ቦታ ያዝን፤ ሁሉም ነገር ከዚያ ይታያል ብሎ ያስመረጠን ባለሱቁ ነው። ባሌ በአረንጓዴ ሸሚዝ፣ ዳማው ላይ ሆኖ ወጣ። እውነት ለመናገር አላወቅሁትም ነበር። ቤቴ ውስጥ የማውቀው ሰው ትከሻው የጠበበ፣ ሲራመድ ትንሽ የሚያነክስ ነው። ይሄኛው ቀጥ ያለ፣ የተረጋጋ፣ የሚያምር ሰው ነው። ስንት ዓመት አብሬው ኖሬ ግማሹን ሳላየው መኖሬ ነው ያኔ የገባኝ።

ጀመሩ። መጀመሪያ ድምፁ ነው የሚመጣው፤ መሬቱ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። የመጀመሪያውን ዙር ሲያልፉን ዓይኔን ልጨፍን ነበር፣ አልጨፈንኩም። ዳማው ተነሳ፣ እሱም አብሮት ተነሳ፣ አጥሩን አልፈው እንደ ቅጠል አረፉ። እኔ ሳላውቀው የትራክ ሾፌሩን ክንድ ጨብጬ ኖሮ በኋላ የጥፍሬን ምልክት አሳየኝ። በሁለተኛው ዙር ሦስተኛ ሆነ፣ ከዚያ ሁለተኛ። ትልቁ ሽማግሌ ዱዓቸውን ጀምረዋል። ዳገቱን ወደኛ ሲወጡ ፈረሱ ገና ጉልበት አለው፤ ባለሱቁ ይበላዋል፣ አሁን ይበላዋል ይላል፣ እኔም አብሬ እየጮህኩ ነው። ተው ልለው የመጣሁት ሴትዮ ናት እንግዲህ በለው በለው የምትለው።

አጥሩ ትንሽ ሲቀረው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ዛቡን ሳበ፣ ፈረሱን ከመስመሩ አወጣው። ሌሎቹ በአጠገቡ አለፉ፣ ዘለሉ፣ ሄዱ። ሕዝቡ ኡፍ አለ። ድምፅ ማጉያው ቁጥሩን ጠርቶ አቋርጧል አለ። ፈረሱ እግሩን ተሰብሯል አለ ባለሱቁ፣ የሞተ ሰው መስሎ። እኔ ግን ቆሜ አልሰማሁትም፤ በገመዱ ሥር ሾልኬ ሳሩ ውስጥ እሮጥ ነበር፤ አንድ ሰውዬ ማም፣ ማም እያለ ተከተለኝ።

ስደርስ ወርዷል። የእንስሳት ሐኪም የፈረሱን እግሮች አንድ በአንድ እየዳበሰ ነው። ጨረሰና ራሱን ነቅንቆ ሄደ። አሰልጣኟ መጣች፤ ባሌ ዝቅ ባለ ድምፅ የሆነ ነገር ነገራት፣ እሷም ትከሻውን ነካ አደረገችውና ሄደች። እሱና ፈረሱ ብቻ ቀሩ። ሄልሜቱን አውልቆ ነበር፣ ፀጉሩ በላብ ረጥቧል። ሲያየኝ አልገረመውም።

«ምን ሆነ ፈረሱ?» አልኩት።

«ምንም አልሆነም። ደህና ነው።»

«ታዲያ ምን ሆንክ?»

ፈረሱን አዙሮ ቀስ ብሎ መራመድ ጀመረ፣ እኔም ከጎኑ።

«ዳገቱን ስንወጣ» አለ፣ «ዓይኔ አጥሩን ትቶ አንቺን ፈለገ። ተመለስ አልኩት፣ አልመለስም አለኝ። እንዲህ ሆኜ አላውቅም። አጥሩን ትቶ ሰው የሚፈልግ ጋላቢ ፈረሱንም ይገድላል፣ ራሱንም ይገድላል። ስለዚህ አቆምኩ። ጨረስኩ ማለት ነው። ለአሰልጣኟም ነገርኳት።»

ለወራት የፈለግሁት ቃል ይህ ነበር። ሽማግሌ ልኬ፣ አገር አቋርጬ የመጣሁበት ቃል። ደስ ይለኛል ብዬ የጠበቅሁት ደስታ አልመጣም፤ በአርካንሳ ያጠናሁት ንግግር ከአፌ ጠፋ። የተፈጠረለትን ሥራ ወስጄበታለሁ አልኩ በልቤ። ቆሜ በማየቴ ብቻ ወሰድኩበት። እንባዬ መጣ፣ አልከለከልኩትም። እሱ ግን መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ይታየኝ የነበረውን ሰውዬ አይመስልም። አካሄዱ ዝግ ያለ ነው፣ ፊቱ ደክሞታል፣ እጁ የፈረሱን አንገት ይዳብሳል። ከሩቅ ሽማግሌዎቹ ገመዱ ጋ ተሰልፈው ያዩናል፣ ጋቢው በነፋስ ይውለበለባል።

«አገኘኸኝ?» አልኩት።

«ምን?»

«ስትፈልገኝ። አገኘኸኝ ወይ?»

ፈገግ አለ። «አላገኘሁሽም» አለ። «ሰዉ በዛ።»

በፈረሱ በሌላው ጎን ዞርኩና ዛቡን ከወዲህ ያዝኩለት። እዚህ ነኝ አልኩት። እስከ ጋጣው ድረስ በእግራችን ሄድን።